«እስቲ እናያለን»ን ለጀርመናዊ እንዴት ልተርጉመው?

የለገሃሯ አስተርጓሚ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። በቻይንኛ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ። ቢሮአችን ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የባቡሩ ድምፅ ይሰማል። ያ ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሐዲዱ ሲዘረጋ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሩ ጋ ቆሜ ቻይናዎቹ ሲያወሩ እሰማ ነበር። አንድም ቃል አይገባኝም። ግን ደስ ይለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቻይንኛ ልማር ያልኩት በዚያ ምክንያት ነው።

አሁን ያለሁት ሕንፃ የሚሠራ አንድ የቻይና ተቋራጭ ዘንድ ነው። የተቆጣጣሪው ድርጅት መሐንዲሶች አንድ ጀርመናዊና አንድ እንግሊዛዊ ናቸው። አሠሪው የአገራችን ሰው ነው፤ ተወካይ ይልካል። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ። እኔ መሀል እቀመጣለሁ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ወር ገደማ ነው። ስለ ሕንፃው የፊት ለፊት መስታወት እየተወራ ነበር። ጀርመናዊው «በ15 ቀን ውስጥ ሳይት ይገባል?» ብሎ ጠየቀ።

ሥራ አስኪያጃችን የፔርሙሳቸውን ክዳን ፈቱ። የሻይ ቅጠሉ ከላይ ተንሳፍፏል። አልጠጡም። መልሰው ከደኑት። ከዚያ ዓይናቸውን ከፔርሙሱ ሳያነሡ፣ ቀስ ብለው «የንጂዩ የንጂዩ» አሉ።

ቃል በቃል «እናጥና እናጥና» ማለት ነው። እኔም በእንግሊዝኛ «እናጠናዋለን ብለዋል» አልኩ። ጀርመናዊው ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። ማታ በኢሜይል የመጣው ቃለ ጉባኤ «ተቋራጩ በ15 ቀን ውስጥ ለማቅረብ ተስማምቷል» ይላል። እኔም አንብቤዋለሁ። ደስ አላለኝም። ግን ዝም አልኩ።

15ኛው ቀን ደረሰ። መስታወት የለም። በሚቀጥለው ሐሙስ ጀርመናዊው ቃለ ጉባኤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ አሥራ አራት ሰው በተቀመጠበት፣ «ቃል ገብታችሁ ነበር» አለ። አስተረጎምኩ። የሥራ አስኪያጃችን ጆሮ ቀላ። ምንም አልመለሱም።

ከስብሰባው በኋላ ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። አልጮሁም። «ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። ምን ማለቴ እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?» አሉኝ። ደረጃው ጋ ደግሞ ጀርመናዊው ጠበቀኝ። እሱም አልጮኸም። «ካልቻለ ለምን አልችልም አይልም? እኔ የጻፍኩት አንቺ የነገርሽኝን ነው» አለኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እንቅልፍ ያሳጣኝም ይኸው ነው።

(እግረ መንገዴን፦ ሥራ አስኪያጄን አንቱ፣ ጀርመናዊውን አንተ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጀርመናዊው በመጀመሪያው ቀን «በስሜ ብቻ ጥሪኝ» አለኝ። ሥራ አስኪያጃችንን ግን በስማቸው ብቻ የሚጠራ አንድም ቻይና ቢሮአችን ውስጥ የለም። በቻይንኛ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ ማዕረግ ይከተላል። ዋንግ የሚባል አለቃ «ዋንግ ዞንግ» ነው። ሊ የሚባል መሐንዲስ «ሊ ጎንግ» ነው። ይህን ካላወቃችሁ ገና ሰላምታ ላይ ነገር ታበላሻላችሁ።)

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ወደ አማርኛ አስተርጉሚ ብባል ኖሮ፣ ሳላስብ «እስቲ እናያለን» እል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ ወዲያው ይገባው ነበር። የአሠሪው ተወካይ ቻይንኛ አያውቁም። ግን ፔርሙሱ ተከፍቶ ሲከደን አይተው፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ይኼ ነገር የለም ማለት ነው» ብለውኛል።

ታዲያ ቃሉን ልተርጉም ወይስ የታሰበውን? የታሰበውን ከተረጎምኩ፣ ሰውየው ያላሉትን አፋቸው ውስጥ መክተት አይሆንብኝም ወይ? እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቆማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሰማያዊ ሄልሜት

ልጄ፣ በመጀመሪያ እንቅልፍሽን ተኚ። ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም።

እኔ ሳይት ላይ ነው ያረጀሁት። ከቻይናዎች ጋር መሥራት የጀመርኩት ቀለበት መንገዱ ሲሠራ ነው። ከጀርመኖችም ጋር ሠርቻለሁ። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃም፣ ሰንጋ ተራ የቆመው የንግድ ባንክ ሕንፃም የቻይና ተቋራጮች ሥራ ናቸው። ይህን ያህል ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬም አንድ «እሺ» ላይ እንጣላለን።

አንድ ነገር ላውጋሽ። የአርማታ ፓምፕ ተበላሽቶብን ነበር። ጀርመናዊው ተቆጣጣሪ መለዋወጫው በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቀ። አስተርጓሚ አልነበረም። የቻይናው ፎርማን አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዘርግቶ አሳየው። ጀርመናዊው ደስ ብሎት «ሁለት» ብሎ ጻፈ። ጀርመን በጣቱ ሲቆጥር ከአውራ ጣቱ ነው የሚጀምረው፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ለእሱ ሁለት ነው። ለቻይናው ግን ስምንት ነው። ቻይናዎች እስከ አሥር በአንድ እጅ ይቆጥራሉ። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ሲዘረጉ ስድስት ነው። እኛ በሁለተኛው ቀን የቀን ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበን፣ አሸዋና ጠጠር አዘጋጅተን ጠበቅን። ፓምፕ የለም። ጀርመናዊው «ዋሸኝ» አለ። ቻይናው ደግሞ ለምን እንደተቆጡት አልገባውም። ማንም አልዋሸም። እጃቸው ነው የተለያየው።

ያንቺም ነገር እንደዚያ ነው፤ ግን ጣት ስላልሆነ ዓይን አያየውም።

ጀርመናዊውን አትቀየሚው። የዚህ ሥራ ልማድ ጽሑፍ ነው። ብዙ ጊዜ የምንሠራበትን የፊዲክ ውል፣ ዓለም አቀፉን የግንባታ ውል ማለቴ ነው፣ ተመልከቺ። በ1999ኙ እትም ተቋራጩ የይገባኛል ጥያቄውን በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል። እውነት ቢኖረውም ያጣል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ያደገ ሰው፣ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ ይቆጥረዋል። ተጽፎ ያልተቃወሙትን ደግሞ እንደ ስምምነት ይወስዳል። ክፋት አይደለም። እሱ ዘንድ ሰው ማክበር ማለት ግልጽ ማድረግ ነው።

አብሬአቸው የሠራኋቸው ቻይናዎች ደግሞ ውሉን የትውውቅ መጀመሪያ አድርገው ነው የሚያዩት። ከተፈራረሙ በኋላም ንግግሩ ይቀጥላል። ሁኔታው ሲለወጥ ወዳጅ ይረዳኛል ብለው ያምናሉ። ወዳጅ ያሉት ሰው የቆየ ወረቀት አውጥቶ ሰው ፊት ሲያነብባቸው፣ የሚሰማቸው ክህደት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ወረቀቱ ላይ ነው። ቃለ ጉባኤው ማታ ሲመጣ ዝም አትበይ። ለሥራ አስኪያጅሽ በቻይንኛ አንብቢላቸው። «እንዲህ ተጽፏል፣ ይሁን ልበል?» በያቸው። ማንም ሳያያቸው ማስተካከል ይችላሉ። የዚያን ቀን ማታ ቢስተካከል ኖሮ 15ኛው ቀን ላይ ማንም ባላፈረ።

ከቲያንጂን የተመለሰች

ታሪክሽን ሳነብ ፔርሙሱ ዓይኔ ላይ መጣ። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ቲያንጂን ነው የሠራሁት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አማካሪ መምህሬን «ጥናቴን ወደዱት?» ብዬ ጠይቄ «መጥፎ አይደለም፣ ትንሽ ቢታሰብበት» አሉኝ። ተደስቼ ለእናቴ ደወልኩ። ለካ «እንደገና ጀምሪ» ማለታቸው ነው። የነገረችኝ የክፍሌ ልጅ ናት። እሳቸው ክፍል ውስጥ ሊያሳፍሩኝ ስላልፈለጉ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ላስጠነቅቅሽ። «ቻይናዎች እንደኛ ይሉኝታ አላቸው» ብለሽ እንዳትቆሚ። እኔ እንደዚያ ብዬ ብዙ ተሳስቻለሁ። ይሉኝታ እኔው ውስጥ ነው ያለው። ሰው ምን ይለኛል ብዬ የምፈራው እኔ ነኝ። እነሱ ሚየንዝ የሚሉት ክብር ግን በሰዎች መሀል የሚመላለስ ነገር ነው። ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለሌላ ሰው ይተርፋል። አለቃ ሠርግሽ ላይ ቢመጣ ሚየንዝ ሰጠሽ ይባላል። የተጠየቅሽውን ብትከለክዪ ለጠየቀሽ ሰው ሚየንዝ ነሳሽው። አንድ ሰው ዝም ሲል የራሱን ብቻ እየጠበቀ ነው ብለሽ አታስቢ። የሌላውን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ «ፊት» ብለሽ እንዳትተረጉሚው። «ፊት ሰጠው» ስንል አማርኛችን ማቅበጥ፣ ማስደፈር ነው። የእነሱ «ጌይ ሚየንዝ» ማክበር ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ነጋዴ «ፊት ስጡኝ እያሉዎት ነው» ብዬ ተርጉሜ ሰውየው ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው።

ሌላ ቃልም አላቸው፤ «ሊየን» ይባላል። ሁ ሺየን ጂን የሚባሉ ቻይናዊ የባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1944 የሁለቱን ልዩነት ጽፈዋል። ሚየንዝ በሥራ፣ በሀብት፣ በዕውቅና የሚገኝ ክብር ነው። ሊየን ደግሞ ሰው በምግባርሽ ላይ ያለው እምነት ነው። ሊየን የሌለው ሰው በእኛ አማርኛ ዓይን አውጣ ነው። ጀርመናዊው «ቃል ገብታችሁ ነበር» ሲል የነካው ሚየንዝን ብቻ አይመስለኝም። ቃል አባይ ናችሁ ነው ያላቸው። ሊየን ላይ ነው የደረሰው። ጆሯቸው የቀላው ለዚህ ይመስለኛል።

ግን ቻይናዎች በሁሉም ነገር ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ ማለት አይደለም። የዶርማችን ጠባቂ ሴትዮ ነበሩ፤ «አዪ» እንላቸዋለን፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ልክ እኛ እትዬ እንደምንለው። ከእረፍት ስመለስ በር ላይ «ወፍረሻል!» ብለው ተቀበሉኝ። ለእኔ ምንም አልነበረም፤ ሰፈሬ የተመለስኩ ነው የመሰለኝ። ጎኔ የነበረችው አሜሪካዊት ግን ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። ደሞዝሽ ስንት ነው፣ ለምን አላገባሽም፣ ቤት ኪራይሽ ስንት ነው፣ ይህን ሁሉ በግልጽ ይጠይቁሻል። ለእነሱ መተሳሰብ ነው። በምዕራባውያን ዘንድ ደግሞ ስለ ሥራሽ ስህተት ፊት ለፊት ይነግሩሻል፣ ደሞዝሽን ግን ሞተው አይጠይቁም። ልዩነቱ ግልጽና ድብቅ መሆን ላይ አይደለም። የቱን ትገልጫለሽ፣ የቱን ትሸፍኛለሽ ነው።

ማዕድ ላይም እንዲሁ ነው። ቻይና ቤት ስትጋበዢ «በቃኝ» ካልሽ ይጨምሩልሻል። በሞቴ እንደማለት ነው። አንድ የእኛ ልጅ አሜሪካዊ ጓደኛው ቤት ሄዶ፣ ትበላለህ ሲባል በጨዋ ደንብ «አይ፣ በልቻለሁ» አለ። ሁለተኛ የጠየቀው የለም። አራት ሰዓት ሙሉ የሰው ምግብ እያየ ተቀመጠ። አሜሪካዊው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ቃሉን አምኖለት ነው።

ፎርማን ነኝ

ይቅርታ አድርጉልኝና ትንሽ ልቃወም። እናንተ የምታወሩት ስለ ቢሮ ቻይና ነው። የእኔ አለቃ ሳይት ላይ ነው ያለው። ከጠዋት እስከ ማታ «ኳይ ኳይ!» ይላል፣ ፍጠን ፍጠን ነው። ፌሮው ትንሽ ከተዛነፈ ሠራተኛው ሁሉ ፊት ይጮህብኛል። ሲሚንቶ አለ ወይ ስትለው «ሜዮ!» ይላል፣ የለም ነው። ምንም የሚሸፍነው ነገር የለም። ታዲያ ያ ክብር መጠበቅ የሚባለው ለእኔ ሲሆን የት ገባ? እኔም ልጆች አሉኝ። እኔንም ሰው ያየኛል።

ከቲያንጂን የተመለሰች

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ይህን ሳልጽፍ በመቅረቴ ይቅርታ። ጥንቃቄው ወደ ላይና ወደ እንግዳ ነው የሚበዛው። ከበላይ ወደ በታች ሲሆን ብዙ አለቆች ይጮሃሉ። ቻይናዊው ሠራተኛም ይጮህበታል፤ እሱም ያመዋል። ዝም የሚለው ስለማያመው አይደለም። አንድ የሞከርኩት ነገር አለ፦ ሰው ፊት አትመልስለት። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻውን ስታገኘው «ስህተቴን ለብቻዬ ንገረኝ፣ አስተካክላለሁ፤ ልጆቹ ፊት ከሆነ ግን ነገ አይታዘዙኝም» በለው። ሥራውን በሚመለከት ስታስረዳው ይገባዋል። ሁሉም ግን አይደለም፤ ሰው ነው፣ ይለያያል።

ከኢሲኤ ማዶ

እኔ ከፈረንጆች ጋር ነው የምሠራው፤ ከአሥር አገር የመጡ አሉ። ስለ እነሱ ልጨምር።

«ምዕራባዊ» የሚባል አንድ ሰው የለም። ሆላንዳዊቷ ባልደረባዬ ጽሑፌን «ይህ ደካማ ነው» ብላ ትመልስልኛለች፤ ከዚያ ቡና እንጠጣ ትለኛለች። ሁለቱን አታገናኛቸውም። እንግሊዛዊው አለቃዬ ግን «ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ ሌላም አማራጭ ብናይስ» ካለኝ ሐሳቤ ሞቷል። ይህን ለማወቅ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ስለዚህ እህቴ፣ ጀርመናዊውን ብቻ አትይ። ጎኑ የተቀመጠው እንግሊዛዊ «የንጂዩ»ው ሳይገባው አይቀርም። አንድ ቀን ለብቻው ጠይቂው።

ኤድዋርድ ሆል የሚባለው አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ይጠቅማል። በአንዳንድ ባህል መልእክቱ ያለው ቃሉ ውስጥ ነው። በሌላው ደግሞ ከቃሉ ውጭ ነው፤ ማን ተናገረ፣ ለማን፣ የት፣ ከምን ዝምታ በኋላ። ቻይናንና ጀርመንን በሁለቱ ጫፍ ያስቀምጧቸዋል። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች የት እንደምንቀመጥ አንቺው ፍረጂ።

ሁለት የሚያሳስቱ ትንንሽ ነገሮች ልንገርሽ። አንደኛው አሉታዊ ጥያቄ ነው። «አልላካችሁም?» ሲባል ቻይናው «አዎ» ይላል፤ ልክ ነው፣ አልላክንም ማለቱ ነው። እኛም «አዎ፣ አልላክንም» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ጋ «የለም፣ አልላክንም» ነው የሚለው። አስተርጓሚ «አዎ» ብቻ ብሎ ካለፈ ዕቃው ተልኳል ማለት ሆነ። ሁለተኛው የእኛው ትንፋሽ ነው። አዎ ለማለት አየር ወደ ውስጥ ስበን «ህእ» የምንለው። አለቃዬ የደነገጥኩ እየመሰለው «ምን ሆንሽ?» ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቃሉንም ትተረጉሚያለሽ፣ የታሰበውንም ትናገሪያለሽ፤ ግን አትደባልቂያቸው። ልምድ ያላቸው አስተርጓሚዎች ሲያስተረጉሙ እንደ ተናጋሪው በ«እኔ» ይናገራሉ። የራሳቸውን ማብራሪያ ሲጨምሩ ደግሞ «አስተርጓሚዋ የምትለው» ብለው ይለያሉ። ሰሚው የማን ቃል እንደሆነ ያውቃል። ማንም አፍ ውስጥ ምንም አልከተትሽም። ይህን እንደምታደርጊ ግን ለሁለቱም ወገን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሌላው ጥያቄውን መለወጥ ነው። «በ15 ቀን ይገባል?» የሚል ጥያቄ ሰውን አዎና አይ መሀል ያጣብቀዋል። «መስታወቱ አሁን የት ደርሷል? ምን ቀረው? ከእኛ የሚፈለግ ነገር አለ?» ቢባል ማንም ሳያፍር እውነቱ ይወጣል። ጀርመናዊውን አስተምሪው። ከአንቺ ቢሰማው የሚቀየም አይመስለኝም፤ ግልጽ ነገር ይወዳሉ።

የለገሃሯ አስተርጓሚ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ሄልሜት፣ ያን ቀን ማታ ተኝቻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጃችን ቢሮ ገባሁ። ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቃለ ጉባኤውን አንብቤ ዝም በማለቴ ነው ያጠፋሁት አልኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ። በወረቀት ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ቀዱልኝና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ከዚያ ጥያቄውን ለውጬ ጠየቅሁ። «መስታወቱ የት ደርሷል?» አልኩ።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ተናገሩ። ጓንግዶንግ ያለው ፋብሪካ ገና ማምረት አልጀመረም። ያልጀመረው ክፍያ ስላልደረሰው ነው። በውሉ መሠረት ኤልሲውን፣ ባንክ ለሻጩ ክፍያውን የሚያረጋግጥበትን ሰነድ፣ የሚያስከፍተው አሠሪው ነው። አሠሪው ዶላር አላገኘም። ተራ እየጠበቀ ነው።

«ታዲያ ለምን ያን ዕለት አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ተወካዩ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር» አሉኝ። «አውሮፓውያኑ እየሰሙ አሠሪው ገንዘብ የለውም እንድል ነው የምትፈልጊው?»

እኔ ደንግጬ ቀረሁ። ለካ ሲሸፍኑ የነበሩት የአገሬን ሰው ነው። ከቲያንጂን የተመለስሽው እህቴ፣ ቃልሽ ትዝ ያለኝ እዚያው ነው። ተወካዩም «ይኼ ነገር የለም ማለት ነው» ያሉኝ ፔርሙሱን አይተው ብቻ አልነበረም። ያውቁ ነበር። በ15ኛው ቀን ሥራ አስኪያጃችን ሲወቀሱ፣ ሁለቱም እያወቁ፣ ሁለቱም ዝም ብለው ነው የተቀመጡት። እኔ ይህን አንድ ወር ሙሉ የቻይናና የጀርመን ጉዳይ ነው ብዬ ስጨነቅ ነበር። የእኛም ነበረበት።

ያን ማታ ለተወካዩ ደወልኩ። ከባድ ነበር፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። «ጋሼ፣ ቻይናው ስለእርስዎ ሲሉ ተወቅሰዋል። ነገ እርስዎ ራስዎ ቢናገሩት ይሻላል» አልኩ። ስልኩ ላይ ትንሽ ቆዩ። «እሺ ልጄ» አሉ። ይህ «እሺ» እውነተኛው ይሁን ሌላኛው መለየት አልቻልኩም።

ጀርመናዊውን ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ከስብሰባው በፊት አገኘሁት። ስለ ኤልሲው ምንም አልነገርኩትም፤ የእኔ ወሬ አይደለም። ስለ ሥራዬ ብቻ ነው የነገርኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ቃሉን እንዳለ እተረጉማለሁ። በቻይንኛ ሌላ ትርጉም የተለመደለት ቃል ከሆነ፣ አስተርጓሚዋ የምትለው ብዬ ለብቻው እጨምራለሁ። ለሥራ አስኪያጃችንም ነግሬአቸዋለሁ» አልኩት። «ለምን ከመጀመሪያው ቀን አላደረግሽውም?» አለኝ። በቁጣ አይደለም፤ የምር ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ማንም አላስተማረኝም አልኩት። የ«የንጂዩ»ንም ነገር አስረዳሁት። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አጻፈኝና ሥሩ አሰመረበት።

ስብሰባው ተጀመረ። የመስታወቱ ጉዳይ ደረሰ። ጀርመናዊው እንደለመደው «መቼ ይገባል?» ሊል አፉን ከፈተ፣ ቆመ፣ ከዚያ «አሁን የት ደርሷል?» አለ። ወደ ቻይንኛ መለስኩ። ሥራ አስኪያጃችን ፔርሙሳቸውን ያዙ። ወደ ተወካዩ አላዩም። እኔ ግን አየሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ተወካዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እዚህ ላይ የእኛም ነገር አለበት» ብለው ጀመሩ። በአማርኛ ነበር፤ ወደ ሁለቱም ቋንቋ አስተረጎምኩት። ኤልሲው አለመከፈቱን ተናገሩ። አላበዙም። ጀርመናዊው በቻይናዎቹ ላይ የጻፈውን ሠርዞ «ኤልሲው በተከፈተ ማግስት ቀን ይቆረጣል» ብሎ ጻፈ። ጮክ ብሎ አነበበው። ሥራ አስኪያጃችን ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፔርሙሱን ከፈቱና ጠጡ።

ማታ ቃለ ጉባኤው መጣ። በቻይንኛ አነበብኩላቸው። አንድ ቃል አስተካከሉ። «ዘግይቷል» የሚለውን «በመጠባበቅ ላይ ነው» አድርጊው አሉኝ። ለጀርመናዊው ላክሁለት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተቀብሎ አስተካክሎ ለሁሉም በተነው።

ኤልሲው እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ነገ ሐሙስ ነው፤ እንደገና እንቀመጣለን።